የሰማንያ ቀን ልጅ

ወንድሜ ክርስትና የተነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ እኔ በሰማንያዬ። ይህን ያወቅሁት በእሱ ክርስትና ድግስ ላይ፣ ጠላ በሚቀዱት ሴቶች መሃል ተወሽቄ ሳለሁ ነው። አንዷ ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች «ይቺ እንኳ ሰማንያ ጠብቃ ነው የገባች» አለች። ስለ አዳምና ሔዋን፣ ስለ ዕፀ በለስና ስለ እባቡ ከዚያ በፊትም ሰምቻለሁ። ነገሩ የሌላ ሰው ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የእኔ ጉዳይ የሆነው ግን ያን ቀን ነው። ምን ስላጠፋሁ ነው በእጥፍ የጠበቅሁት?

አያቴን ጠየቅኋት። እምዬ ነበር የምንላት። እምዬ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን በቅዳሴው፣ በማኅበሩ፣ በቡናው ላይ የሰማችው አንድም ነገር አይጠፋባትም። «አዳም ገነት የገባው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሔዋን ደግሞ በሰማንያ ቀኗ። እኛም እንደነሱ ነው የምንገባ» አለችኝ። ኋላ ራሴ ሳነበው ይህ የመጽሐፈ ኩፋሌ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ኦሪት ዘሌዋውያንም ለወላድ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው፦ ለወንድ ልጅ 7 እና 33፣ ለሴት ልጅ 14 እና 66።

«ዘግይታ ገብታ ቀድማ ተወቀሰች በይኛ» አልኳት።

እምዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስትሳለቅ እንዲህ አትስቅም ነበር፤ ይህ ሳቋ ነገር ሲጥማት የሚመጣ ነው። «ወይ አንቺ ልጅ! ይህን ለየኔታ ንገሪያቸው፤ እኔን አታስኮንኝኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ለሴቶቹ ስትነግራቸው ግን ሰማኋት፤ ሴቶቹም ሳቁ። የአንዷ ሳቅ ቶሎ አልቆመም።

ስለ ጥንተ አብሶ (ከአዳም ተወረሰ ስለሚባለው በደል) እና ስለ መሥዋዕት በሰፊው የሚጽፉ ሰዎች ጥርጣሬያቸው ከየት እንደጀመረ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፈላስፋ ወይም አንድ የውጭ መጽሐፍ ይጠራሉ። የእኔ እንዲያ አይደለም። ጥያቄውን ያስተማሩኝ ጾም የማይገድፉ፣ ኪዳን የማያስታጉሉ ሰዎች ናቸው። ማንንም ሊያስክዱ ብለው አልጠየቁም፤ ያመኑት ነገር የራሳቸው ስለሆነ እንደ ቤታቸው ዕቃ ገልብጠው ያዩታል።

ያደግሁት ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። በእኛ ሠፈር ይስሐቅና እስማኤል በአንድ ኳስ ይጫወታሉ፤ አጎቱ ሼኽ፣ አክስቱ መነኩሴ የሆነች ሰው ማግኘትም ብርቅ አልነበረም። ከከተማው በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ሲሉ ቦሩ ሜዳ አለ፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት ያከራከሩበት፣ የወሎን መሳፍንትም ክርስትና እንዲነሡ ያስገደዱበት ቦታ። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት በዚያ ዘመን ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ስለ ቦሩ ሜዳ ሲያወሩ ገና ትናንት የተነሡ ይመስላሉ፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንደረታ ይነጋገራሉ። ከዚህ ዓይነት ሰው መሃል ተወልዶ ስለ ሃይማኖት አለመከራከር ይከብዳል።

የኔታ ዘንድ የገባሁት ከጎረቤት ወንዶች ልጆች ጋር ነው። ሴቶች ጥቂት ነበርን። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን እጃቸው ሥራ አይፈታም፤ የመጽሐፍ ማኅደር ይሰፋሉ። ቆዳውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በወስፌ እየበሱ፣ ጅማቱን በጥርሳቸው እየሳቡ፣ በጆሯቸው እኛን ይከተላሉ። የተሳሳተ ፊደል ሲሰሙ ወስፌዋ ትቆማለች። የኔታ ባለ አለንጋ ናቸው፤ አለንጋዋ ግን ለሚያንቀላፋ እንጂ ለሚጠይቅ ተነሥታ አላየሁም።

አንድ የከተራ ሰሞን የዕዳ ደብዳቤውን ታሪክ ነገሩን። ዲያብሎስ አዳምና ሔዋንን መከራ አጽንቶባቸው፣ እፎይታ እሰጣችኋለሁ ብሎ አታልሎ፣ አዳም ባሪያው ሔዋንም ገረዱ መሆኗን በሁለት ዕብነ በረድ አጻፋቸው፤ አንዱን ዮርዳኖስ ውስጥ ጣለው፣ ሌላውን ሲኦል ቀበረው። ጌታ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን ደመሰሰ፤ ከስቅለቱ በኋላ ሲኦል ወርዶ ሁለተኛውን። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ልቤ የሄደው ወደ ድንጋዩ ነው። ውኃው ውስጥ ተኝቶ፣ ዓሣ እየተሻሸበት፣ 5500 ዓመት የሚጠብቅ ድንጋይ።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ያው የኔታ ፊደል የተገለጠው ለአዳም የልጅ ልጅ ለሄኖስ ነው ብለው አስተምረውናል።

«የኔታ» አልኩ፣ «ፊደል ለሄኖስ ከተገለጠ አዳም በምን ጻፈ?»

ወስፌዋ ቆመች። ትልልቆቹ ልጆች ቀና ብለው አዩኝ። የኔታ ቆዳውን አስቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ «አንድም» አሉ። የአንድምታ ትርጓሜ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ መምህሩ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አያበቃም፤ «አንድም» እያለ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ይጨምራል፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይኖራሉ። «አንድም፣ ጽሕፈቱ በእጅ መዳፍ ማተም ነው፤ አንድም፣ ዲያብሎስ ራሱ ጽፎ እነሱ አጸደቁለት፤ አንድም...» ሦስተኛው አልመጣላቸውም። «ይቺ ልጅ በራሴ ጦር ወጋችኝ» ብለው ሳቁ።

ድፍረት ሲያገኝ የማያቆም ልጅ ነበርኩና ቀጠልኩ። ውሉ በማታለል የተጻፈ አይደል? በዳኛ ፊት እንዲህ ያለ ውል ይጸናል? ቢጸናስ አባት የፈረመውን ልጁ ለምን ይከፍላል?

እዚህ ላይ የኔታ ተቆጡ፤ ግን እንደ ባለ ጉዳይ እንጂ እንደ መምህር አልነበረም። «ይከፍላል እንጂ! አባቴ የተበደረውን እኔ አልከፈልኩም? ርስቱን ስወርስ ዕዳውን ለማን ልተወው?» በወጣትነታቸው ለዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለሱበትን የመሬት ክርክር፣ ከዳኛ እስከ ምስክር፣ ተረኩልን። ፊደሉ ተረሳ፤ ዳዊቱ ተረሳ። እኔ በበኩሌ ጥንተ አብሶ ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ በተሻለ ያስረዳኝ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ርስትና ዕዳ አብረው ይወረሳሉ፤ በአዳም በኩል ሕይወትን ከወሰድክ ሞቱንም ትወስዳለህ። ያላሳመነኝ አንድ ነገር ነው፦ የየኔታ አባት ገንዘቡን የተበደሩት ከአራጣ አበዳሪ እንጂ ልጃቸውን ከሚወድ አምላክ አልነበረም።

ስለ እመቤታችንም ጠይቄያለሁ። ጥንተ አብሶ አልነካትም ሲሉን፣ «እሷን አስቀድሞ ማንጻት ከተቻለ እኛንስ እንዲሁ ቢያነጻን ኖሮ መስቀሉ ምን ያደርጋል?» አልኩ። የኔታ ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን አለቃው ፊት እንዳትደግሚው» አሉኝ። መልስ አልሰጡኝም። ግን ያን ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ ትልቅ ሰው የሆንኩ ያህል ነበር የምራመደው።

ሰሙነ ሕማማትን ከበዓላት ሁሉ አብልጬ እወደው ነበር ብል የሚያምነኝ አይኖርም። የሚጣፍጥ ነገር የለም፤ ከጉልባኑ በቀር። ነገር ግን ያ ሳምንት እንደ ቴአትር ነው፤ ሁላችንም ተዋናይ ነን። መስቀል መሳለም ቀረ፣ መጨባበጥ ቀረ፣ ፍትሐት ቀረ። ምክንያቱም ያ ሳምንት የአዳም ልጆች በሲኦል የነበሩበት የ5500 ዘመን ምሳሌ ነው፤ ገና ያልዳንን ሆነን እንሰነብታለን። ካህኑን መንገድ ላይ አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ ለልጅ እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ እንሰግዳለን፤ ጉልበቴ ይላላጣል፤ ከፊቴ የምትሰግደዋን ሴትዮ ተረከዝ ስንጥቅ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ወደ ማምሻው ጥብጠባ ይመጣል። እየተራ ጎንበስ እንላለን፤ ካህኑ በጾሙ ወራት ያጠፋነውን ጠይቀው በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ ያደርጉና የስግደት ቁጥር ይሰጡናል።

ተራዬ ደርሶ ካህኑ «ምን አጠፋሽ?» ሲሉኝ «ይሄ ለእኔ ነው ወይስ ለአዳም?» አልኳቸው። ወይራው አየር ላይ ቀረ። ደክሟቸው ነበር፤ ሲሰግዱና ሲያነቡ የዋሉ ሰው ናቸው። «ለአዳምማ ጌታ ጨርሶለታል» አሉ፤ «ይሄ ሽሮ ውስጥ ቅቤ ላደረገችው ነው።» እውነትም አድርጌ ነበር። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም፤ ሁሉም ልጅ ያደርግ ስለነበር ይሆናል። መታ መታ አደረጉኝ። ወይራው ጥሩ ሽታ አለው።

የመሥዋዕቱ ጥያቄ የመጣው ግን ከአጥራችን ማዶ ነው። ጎረቤታችን ሼኹ በአረፋ ጠዋት በግ ሲያርዱ እኛ ልጆች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ አጥሩን ተደግፈን እናያለን። ሥጋው ለእኛ እንደማይሆን ስለሚያውቁ ለቤታችን ቆሎና ዳቦ፣ አንዳንዴም ማር ይልካሉ፤ በእኛ ፋሲካም እምዬ ለእነሱ ሥጋ የሌለበት ነገር ለይታ ታዘጋጃለች። ሁለቱም ቤት አብርሃምን አባቴ ይላል፤ ሁለቱም ቤት አንዱ የሌላውን በግ አይቀምስም። ይህን እንደ እንቆቅልሽ ያየው ሰው አልነበረም፤ እንዲሁ ነበር።

አንድ አረፋ ከሼኹ የልጅ ልጅ ጋር ተጣላን። እኔ «የታሰረው ይስሐቅ ነው» እላለሁ፤ እሱ «እስማኤል ነው» ይላል። ልንቧቀስ ስንል ሼኹ ደም የነካ እጃቸውን እየታጠቡ መጡ። «አብሽሩ፣ አብሽሩ። ቁርኣን ስሙን አይጠራም፤ ዑለማዎቻችን ግን እስማኤል ነው ይላሉ። የእናንተ ደግሞ ይስሐቅ ይላል። ልጁ ግን ተጠየቀ፤ ዋናው እሱ ነው» አሉ። እንዴት ተጠየቀ? ኢብራሂም በሕልሙ ያየውን ለልጁ ነግሮ አንተስ ምን ትላለህ እንዳለው፣ ልጁም የታዘዝከውን ፈጽም እንዳለ ነገሩን።

እየሮጥኩ ወደ እምዬ ሄድኩ። «የእነሱ ልጅ ተጠይቋል! ይስሐቅን ማንም አልጠየቀውም!»

እምዬ ቡና ትቆላለች። ምጣዱን እያወዛወዘች አሰበች። «ይስሐቅ ግን ጠይቋል» አለች። እውነቷን ነው፤ እሳቱና እንጨቱ ይኸው፣ በጉ የት አለ ብሎ አባቱን የጠየቀ ልጅ ነው። የቀረበለት መልስ ደግሞ መልስ አይባልም። ያን ጊዜ እንዲህ አላሰብኩም፤ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ነበር አፌ ላይ የመጣው። «ሣራስ ሰማች ወይ?»

«ሣራ ብትሰማ» አለች እምዬ፣ «አህያው አይጫንም ነበር።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ ካነበብኳቸው የትርጓሜ መጻሕፍት ከብዙዎቹ ጋር አልለውጠውም። ዴንማርካዊው ኪርክጋርድ በ1843 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዞ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ግን እሱ ከአብርሃም ጋር ተራራውን ይወጣል እንጂ ሣራን መስኮት ላይ ትቷት ነው የሚሄደው። እምዬ ከሣራ ጋር ቤት ቀረች። ዘፍጥረትም ቢሆን ከተራራው ምዕራፍ ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ የሚነግረን ስለ ሣራ ሞት ነው፤ በ127 ዓመቷ። በሁለቱ ምዕራፎች መሃል ሰውዬው ሚስቱን ምን እንዳላት አልተጻፈም።

የኔታ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር ሰጡኝ። ነሐሴ 28 የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ በዓል ነው። በዚያ ሰሞን ነገሩን ሳነሣባቸው ኩፋሌን ጠቅሰው፣ አብርሃም ይፈተን የሚለውን ሐሳብ ያመጣው እግዚአብሔር እንዳልሆነ ነገሩኝ። መስቴማ የተባለው የክፉዎች አለቃ ቀርቦ፣ ይህ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ልጁን ነው፤ ልጅህን ሠዋ በለውና ታያለህ አለ፤ ኋላም በጉ ሲመጣ ያፈረው እሱ ነው። ያን ጊዜ ደስ ያለኝ ዲያብሎስ በመዋረዱ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ ስመለስበት ነው ሌላው የገባኝ። ኩፋሌ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ በሙሉው ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ነው፤ በዕብራይስጥ ቁርጥራጩ በሙት ባሕር አጠገብ በዋሻዎች ተገኝቷል። ስለዚህ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አንድ ጻድቅ ጸሐፊ ያንን ምዕራፍ አንብቦ እንደ እኔ እንቅልፍ አጥቷል። አምላክ እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ አንሥቶ አይጠይቅም ብሎ፣ ጥያቄውን ለመስቴማ ሰጥቶታል። የተጨነቅሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ መጽሐፍ ራሱ ተጨንቆ ያውቃል።

የዮፍታሔን ልጅ ግን የሚያድናት አልተገኘም። መጽሐፈ መሳፍንትን ራሴ ማንበብ ስጀምር አባትየው በጦርነቱ ድል ካገኘ፣ ሲመለስ ከቤቱ መጀመሪያ የሚወጣውን ሊሠዋ እንደተሳለ፣ የወጣችውም ከበሮ የያዘች ልጁ እንደነበረች አነበብኩ። ሁለት ወር ተራራ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ታለቅስ ዘንድ ፈቃድ ጠየቀች፤ ተመለሰችም። በግ የለም፣ መልአክ የለም፣ ስሟም የለም። ወንዶች ልጆቻችንን ዮፍታሔ እንላለን፤ ባለ ቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ አለ፤ ልጅቷን ግን ምን ብለን እንጠራታለን? ለእምዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ስለት እንዲህ አይሳልም» ብቻ አለች። ራሷ ለገብርኤል በየዓመቱ የምታስገባው ስለት ጥላ ወይም ሻማ ነበር።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ጠያቂ መጣ። ትምህርት ቤት የፖለቲካ አስተማሪያችን ሃይማኖትን ማፍረስ ይወድ ነበር። «አያታችሁ ፍሬ ሰረቀ ተብሎ እናንተ የምትገረፉበት ሕግ ምን ዓይነት ሕግ ነው?» ይለናል። ይህ እኔ በሰባት ዓመቴ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። የኔታ ስጠይቃቸው ወስፌያቸውን አስቀምጠው ያስቡ ነበር፤ ይሄኛው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ደግሞ በዚያው ወር አንድ ቅጽ አደለን። የሕይወት ታሪክ፣ የመደብ አመጣጥ፣ አያት ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ በፊት ምን ያህል መሬት ነበራቸው? የእናቴ አባት ጥቂት ጋሻ ነበራቸው። እኔ ሳልወለድ ሞተዋል። ይህን በመጻፌ ለወጣት ማኅበሩ ኃላፊነት አትሆንም ተባልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ አዳም ፍሬ ሲያላግጥብን የከረመው ሰው ቅጹን ተቀብሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከአያቴ ጋሻ ሥር አሰመረ።

ለየኔታ ስነግራቸው ከሳቁት ሳቅ የተነሣ ሳል ያዛቸው። የእሳቸውንም ርስት አዋጁ ወስዶታል። «ርስቱን ወረሱና ዕዳውን ለአንቺ ተዉልሽ!» አሉ። ቀጥለው ሕዝቅኤልን አንስተው 18ኛውን ምዕራፍ አስነበቡኝ፤ አባቶች ስለ በሉት ጎምዛዛ ወይን የልጆች ጥርስ ይደነዝዛል የሚለውን የሕዝቡን ተረት እግዚአብሔር የሚከለክልበትን፣ ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይሞት የሚናገርበትን። ሁለቱም፣ የአዳም ዕዳና የሕዝቅኤል ክልከላ፣ በአንድ ጥራዝ ውስጥ አሉ፤ በየኔታ ማኅደር ውስጥ አብረው ያድራሉ። ይህ የሚያስጨንቃቸው ቢሆን እንኳ እኔ ፊት አልታየባቸውም።

በ1975 ዓ.ም የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ የአብርሃም ታሪክ በሠፈራችን እንደ ድሮው አልተወራም። አፈሳ የመጣ ሌሊት ልጁን ቆጥ ላይ የሚደብቅ አለ፤ ወደ ገጠር ዘመድ የሚያሸሽ አለ። ከእኛ ቤት ከፍ ብሎ ያሉ እናት አንድ ልጃቸው ከገበያ ተወሰደባቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ በሴቶች በኩል፣ የአብርሃም ሥዕል አለ፦ ቢላዋው ተነሥቷል፣ ይስሐቅ በጉልበቱ ተንበርክኳል፣ በጉ በዕፀ ሳቤቅ በቀንዱ ተይዟል፣ መልአኩ ከላይ እጁን ዘርግቷል። የይስሐቅ ዓይን እንደ አገራችን ሥዕሎች ሁሉ ትልቅ ነው፤ የሚያየው አባቱን ሳይሆን እኛን ነው። እናትየው ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ፊት ቆመው አየኋቸው። እምዬ ክንዳቸውን ይዛ ልትመልሳቸው ስትሞክር፣ እንደ ጸሎት ሳይሆን እንደ ሐሜት አድርገው «ለሷስ በግ ወረደላት» አሉ።

እምዬ አልገሠጸቻቸውም። ኋላ እቤት ስንደርስ «ልክ ናት» አለችኝ፤ እሑድ ደግሞ ለኪዳን ቀድማ ወጣች። ሁለቱ ነገሮች እሷ ውስጥ እንዴት እንደሚስማሙ ጠይቄያት አላውቅም። መርዶው የመጣው በክረምት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በስድስት ኪሎው ቤተ መጻሕፍት የልጅነት ጥያቄዎቼን በታላላቅ ሰዎች አፍ አገኘኋቸው። ከዛሬይቱ አልጄሪያ የበቀለው አውግስጢኖስ፣ ሕፃን ራሱ የአዳምን በደል ይዞ ይወለዳል ብሎ ከፔላግዮስ ጋር ሲከራከር፣ በ418 እ.ኤ.አ. የካርታጎ ጉባኤም ለእሱ ሲፈርድ አነበብኩ። አውግስጢኖስ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ቅጣታቸው ከሁሉ የቀለለ ይሆናል ይላል። የቀለለ! ያን ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። የምሥራቅ አባቶች ከአዳም ጥፋተኝነትን ወረስን ብለው እንዲህ አጥብቀው እንዳልተናገሩ፣ ይልቅ የወረስነው ሞትንና መበስበስን ነው እንደሚሉ ሳውቅ ደግሞ፣ በሰማንያ ቀኔ የጠመቁኝ ካህን ነገሩን ከአውግስጢኖስ አቅልለውልኛል ብዬ አሰብኩ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፋሲካ ስብከቱ መሃል ቆሞ፣ ያ ስለ እኛ የፈሰሰው ደም የተከፈለው ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ለዲያብሎስ ነው ማለት ነውር ነው፤ ወንበዴ አምላክን ያህል ዋጋ ይቀበላል ማለት ነው። ለአብ ነው እንዳንል ያሰረን አብ አይደለም፤ ደግሞስ ይስሐቅን እንኳ ሲያቀርቡለት ያልተቀበለ፣ በሰው ፈንታ በግ የተካ አባት፣ በልጁ ደም እንዴት ደስ ይለዋል? ይህን ያነበብኩት በአሮጌ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ ሦስቴ ደጋገምኩት። እኔ አጥር ተደግፌ የጠየቅሁትን ጥያቄ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የነበረ ሰው፣ ቅዱስ ተብሎ በቅዳሴያችን የሚጠራ ሰው፣ በአደባባይ ጠይቆታል።

ለዕረፍት ደሴ ስገባ ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ የኔታ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ማኅደር መስፋት ትተዋል፤ ወስፌዋ ግን ግድግዳው ላይ ተሰክታለች። ጎርጎርዮስን ከሃይማኖተ አበው ያውቁታል፤ ይህን ስብከቱን ግን አልሰሙትም ነበር። በአማርኛ ቃል በቃል አልኩላቸው። የይስሐቅን ነገር ስደርስ «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እና መጨረሻ ላይ ለማን ነው አለ?» አሉ።

አብ የተቀበለው ጠይቆ ወይም ቸግሮት ሳይሆን፣ ሰው በእግዚአብሔር ሰው መሆን ይቀደስ ዘንድ የሚያስፈልግ ስለነበር ነው እንዳለ፣ የቀረው ግን በዝምታ ይከበር ብሎ እንደጨረሰ ነገርኳቸው።

የኔታ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እንዲህ ነው ሊቅ! የሚናገርበትንም የሚዘጋበትንም የሚያውቅ!»

«እዚያ ላይ ነው የተናደድኩበት» አልኩ። «ያን ሁሉ ጠይቆ፣ ሁለቱንም መልስ አፍርሶ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዝም በሉ ይላል። ይህንንስ ስለ ሄኖስ ፊደል ስጠይቅዎ እርስዎም አድርገዋል፤ ሦስተኛው አንድም አልመጣልዎትም።»

«አስታወስሽው!» አሉ፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። «አንቺ ዝም የሚል ሊቅ አትወጂም ማለት ነው።»

«አልወድም» አልኳቸው። ዝም ማለት መቼ እንደሚገባ ስንከራከር መሸ፤ እራት እዚያው በላሁ።